ማርክ ራምፕራካሽ፤ በክሪኬት መቶ ጊዜ መቶ ያስቆጠረው፣ ሕዝብ ግን በዳንስ ያወቀው ስፖርተኛ

ታኅሣሥ 14 ቀን 1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሚሊኒየሙን ለመቀበል ዘጠኝ ወር ገደማ ቀርቷት ነበር። በዚያው ዕለት ምሽት በብሪታንያ አንድ የ37 ዓመት ሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በቴሌቪዥን እየተመለከተው የአገሪቱን ዝነኛ የዳንስ ውድድር አሸነፈ። ሰውየው ዳንሰኛ አልነበረም። ከአሥራ ሰባት ዓመቱ ጀምሮ እንጀራው ክሪኬት ነበር። ስሙ ማርክ ራምፕራካሽ ይባላል።

ክሪኬት በአገራችን ብዙም የሚዘወተር ስፖርት አይደለም። በአያት፣ በሲኤምሲና በቦሌ መንደሮች ወጣቶች ተሰብስበው ሲጫወቱ የሚታዩት እግር ኳስ ነው፤ በገጠሩም ቢሆን ከሩጫና ከእግር ኳስ ቀጥሎ የሚነሣው የገና ጨዋታ ነው። የራምፕራካሽ ታሪክ ግን ስፖርቱን ለማያውቅ ሰውም ትርጉም አለው። በአገሩ ሊጎች ከዘመኑ ተጫዋቾች ሁሉ ልቆ የታየ ሰው ለብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ ያንኑ ብቃት ማሳየት ለምን ተሳነው? በሜዳ ላይ ያጣውን መረጋጋትስ በዳንስ መድረክ ላይ እንዴት አገኘው? ይህ ጽሑፍ ሁለቱን የሕይወቱን ገጾች ያስቃኛል። በቀጣዮቹ ክፍሎች የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሪኬት ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ክሪኬት በእንግሊዝ ተወልዶ በቅኝ ግዛት ዘመን ወደ ሕንድ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የተስፋፋ ስፖርት ነው። ዱላና ኳስ ስላለበት የገና ጨዋታን ያስታውሳል። በገና ጨዋታ ግን ሁለቱም ወገኖች ዱላቸውን ይዘው ጥንጓን ይሻማሉ፤ በክሪኬት መምቻ የሚይዙት ተራው የደረሰው ቡድን ሁለት ተጫዋቾች ብቻ ናቸው።

እያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች አሉት። በሰፊው ሜዳ መካከል 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠባብ መስመር ይዘጋጃል፤ በሁለቱም ጫፎች ሦስት ሦስት እንጨቶች ይተከላሉ። ወርዋሪው በቆዳ የተለበጠችውን ጠንካራ ኳስ ወደ እንጨቶቹ ይወረውራል። መቺው ደግሞ በጠፍጣፋ የእንጨት መምቻ እየተከላከለ ኳሷን አርቆ ለመምታት ይጥራል። ኳሷ ከተመታች በኋላ ሁለቱ መቺዎች ሮጠው ቦታ ከተለዋወጡ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ኳሷ በመሬት ተንከባላ የሜዳውን ዳር ካለፈች አራት፣ መሬት ሳትነካ ካለፈች ደግሞ ስድስት ነጥብ ታስገኛለች።

መቺው የሚሸኝባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የተወረወረችው ኳስ እንጨቶቹን ከመታች ይወጣል፤ እርሱ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ በተጋጣሚ እጅ ከገባችም እንዲሁ። አንዴ ከወጣ በዚያ ተራ አይመለስም። ለአጨዳ የደረሰ አዝመራ በአንድ ከሰዓት በረዶ እንደሚወድም ሁሉ፣ የወራት ልምምድም በአንዲት ኳስ ሊያበቃ ይችላል። ስለዚህ የመቺ ትልቁ ሀብት ከጉልበቱ ይልቅ ሐሳቡን መሰብሰቡ ነው። ሳይሸኝ መቶ ነጥብ ያስቆጠረ መቺ ስሙ በልዩ መዝገብ ይሰፍራል፤ ተመልካቹም ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጭብለታል።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ የላቀ ክብር ያለው በአገራት ብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚካሄደውና እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀው ቴስት የተባለው ግጥሚያ ነው። ከእርሱ ዝቅ ብሎ በእንግሊዝ ካውንቲ በሚባሉ የአውራጃ ክለቦች መካከል የሚደረገው ውድድር ይገኛል። የመቺ ብቃት የሚለካው ያስቆጠረው ጠቅላላ ነጥብ ለተሸኘበት ጊዜ ብዛት ተካፍሎ በሚገኘው አማካይ ነው። አማካዩ ከ40 በላይ የሆነ ጥሩ መቺ፣ 50 ያለፈ ደግሞ እጅግ የላቀ ይባላል።

ልጅነትና የመጀመሪያ ዝና

ማርክ ራቪን ራምፕራካሽ እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 1969 ከለንደን በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በቡሺ ከተማ ተወለደ። እናቱ የብሪታንያ ተወላጅ ስትሆን አባቱ ከደቡብ አሜሪካዊቷ ጉያና የመጣ የሕንድ ዝርያ ያለው ሰው ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የብሪታንያ ገዢዎች በርካታ ሕንዳውያንን በሸንኮራ አገዳ እርሻ ለማሠራት ወደ ጉያና ወስደው ነበር። የእነዚያ ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ክሪኬትን እንደ ራሳቸው ባህል ያዙት። የማርክ አባትም ይህን ፍቅር ወደ እንግሊዝ ይዞት ተሻገረ።

ልጁ እ.ኤ.አ. በ1987 ገና 17 ዓመቱ ሳለ ለሚድልሴክስ ክለብ ተሰለፈ። በመጀመሪያ ጨዋታውም በለንደኑ ዝነኛ ሎርድስ ሜዳ ሳይሸኝ 63 ነጥብ አስቆጠረ። በዓመቱ ቡድኑ በዚያው ሜዳ ለዋንጫ ፍጻሜ ሲቀርብ 56 ነጥብ አስመዝግቦ ሚድልሴክስ ዎርስተርሻየርን እንዲያሸንፍ ረዳ፤ የጨዋታው ኮከብ ተብሎም ተመረጠ። 19ኛ ዓመቱን ለመድፈን ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝ ክሪኬት ወዳጆች የመጪው ዘመን ታላቅ መቺ እርሱ እንደሚሆን አልተጠራጠሩም።

በብሔራዊ ቡድን የገጠመው ፈተና

እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1991 በሊድስ ከተማ በሄዲንግሊ ሜዳ ለእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ተጋጣሚው ዌስት ኢንዲስ ነበር። ኩርትሊ አምብሮዝ፣ ማልኮልም ማርሻልና ኮርትኒ ዋልሽ የተሰለፉበት የወርዋሪዎቹ ክፍል በዓለም ከሚፈሩት ሁሉ የሚፈራ ነበር። ወጣቱ በሁለቱም ተራዎች 27፣ 27 ነጥብ አስቆጠረ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በዚያ አስቸጋሪ ሜዳ ላይ ያሳየው ትዕግሥት አድናቆት አስገኘለት፤ እንግሊዝም አሸነፈች።

ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በዚያ ተከታታይ ግጥሚያ በየጊዜው ወደ 20ዎቹ እየደረሰ ሃምሳ ሳይሞላ ይሸኝ ጀመር። ከቡድኑ ተቀነሰ፤ ተጠራ፤ እንደገና ተቀነሰ። በ1990ዎቹ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አሰላለፍ በየጨዋታው ስለሚቀያየር አንድ ተጫዋች ሁለት ጊዜ ከደከመ ቦታውን ያጣ ነበር። ራምፕራካሽም ለስህተት ፈጽሞ ይቅርታ የማያውቅ፣ በተለይ በራሱ ላይ የሚጨክን ሰው ነበር። በተሸኘ ቁጥር በንዴት ስለሚግል የቡድን ጓደኞቹ «የደም መጥረቢያ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ቦታውን እንዳያጣ በሰጋ መጠን እጁ ይተሳሰራል፤ እጁ በተሳሰረ መጠን ደግሞ ቦታውን ያጣል።

ያም ሆኖ ብሩህ ቀናት አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዝ ወደ ካሪቢያን ስትጓዝ በአባቱ አገር በጉያና ዋና ከተማ በጆርጅታውን ተሰልፎ ሳይሸኝ 64 ነጥብ አስቆጠረ። በቀጣዩ ግጥሚያ በባርባዶስ 154 ነጥብ በማስመዝገብ ከመጀመሪያ ቴስቱ ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ የመጀመሪያውን የቴስት መቶ አገኘ። ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 በለንደኑ ኦቫል ሜዳ፣ በዘመኑ ኃያል ከነበረችው አውስትራሊያ ጋር ሲጫወት ነው፤ 133 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር፤ ሆኖም ቡድኑ ተሸነፈ። ለብሔራዊ ቡድን የመጨረሻ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2002 በኒውዚላንድ ኦክላንድ የተካሄደው ሆነ።

በጠቅላላው 52 ቴስቶችን ተጫውቶ 2 ሺህ 350 ነጥብ አስቆጠረ፤ አማካዩም 27.32 ነው። ትልቁ እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ነው። ከአውስትራሊያ ጋር ባደረጋቸው ጨዋታዎች ብቻ ሲሰላ አማካዩ ከ42 ይበልጣል። ችሎታ ያጠረው መቺ ከኃያሉ ተጋጣሚ ፊት እንዲህ ሊቆም አይችልም። ያጠረው የተረጋጋ ቦታና የተረጋጋ መንፈስ ነበር ቢባል ያስኬዳል።

በ37 ዓመት ያበበ ብቃት

እ.ኤ.አ. በ2001 ከሚድልሴክስ ወደ ሰሪ ክለብ ተዛወረ። ብዙ ስፖርተኞች ጫማ በሚሰቅሉበት ዕድሜ እርሱ ወደ ጫፍ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 በካውንቲ ውድድር 2 ሺህ 278 ነጥብ ሲያስቆጥር አማካዩ 103.54 ደረሰ። ከነዚህም መካከል በኖርዛምተንሻየር ላይ ሳይሸኝ ያስመዘገበው 301 ነጥብ የሕይወቱ ከፍተኛው ነው።

ሰሪ በዚያ ዓመት የሚጫወተው በሁለተኛው ምድብ ስለነበር ተጋጣሚዎቹ ደካሞች ናቸው ያሉ አልጠፉም። ክለቡ ወደ አንደኛው ምድብ ባደገበት በ2007 ራምፕራካሽ 2 ሺህ 26 ነጥብ በ101.30 አማካይ አስቆጥሮ መልስ ሰጣቸው። በእንግሊዝ በሁለት ተከታታይ ዓመታት አማካዩን ከመቶ በላይ ያደረገ ተጫዋች ከእርሱ በፊት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 99ኛውን መቶ ካስመዘገበ በኋላ ለሦስት ወራት ያህል መቶኛው አልገኝ አለው። ነሐሴ 2 ቀን በሄዲንግሊ ተገኘ፤ ከ17 ዓመት በፊት ለአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈበት ሜዳ መሆኑ ነው። በክሪኬት ታሪክ በአንደኛ ደረጃ ጨዋታዎች መቶ ጊዜ መቶ ያስቆጠረ 25ኛው ሰው ሆነ። ከእርሱ በኋላ እዚያ የደረሰ የለም። የአጭር ሰዓት ጨዋታዎች እየበዙ፣ ረጃጅሞቹ እየተቀነሱ በመሄዳቸው የመጨረሻው ሰው እርሱ ሳይሆን እንደማይቀር የስፖርቱ ተንታኞች ይናገራሉ።

ጫማውን የሰቀለው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በ461 የአንደኛ ደረጃ ጨዋታዎች 35 ሺህ 659 ነጥብና 114 መቶዎች አስመዝግቦ፣ አማካዩም 53.14 ሆኖ ተሰናበተ። ይህ አማካይ በቴስት ካገኘው እጥፍ ገደማ ነው።

ከሣሩ ሜዳ ወደ ዳንሱ መድረክ

የብሪታንያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው የዳንስ ውድድር ታዋቂ ሰዎችን ከባለሙያ ዳንሰኞች ጋር ያጣምራል። ተዋንያን፣ ጋዜጠኞችና ስፖርተኞች በየሳምንቱ አዲስ ዳንስ ተምረው ይቀርባሉ። አራት ዳኞች እያንዳንዳቸው ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ፤ ሕዝቡም ድምፅ ይሰጣል። ዝቅተኛ ውጤት ያገኘ ጥንድ በየሳምንቱ ይሰናበታል። ውድድሩ በኋላ በብዙ አገራት ተቀድቷል።

የሚደነሰው ዳንስ ከእኛ እስክስታ የተለየ ነው። እስክስታ በትከሻና በአንገት ይጫወታል፤ እንደ ሳልሳ ያለው ዳንስ ግን ኃይሉ በወገብና በእግር ነው። ሁለት ሰዎች ተያይዘው ስለሚደንሱም አንዱ የሌላውን እርምጃ ሳያይ ማወቅ አለበት።

ስፖርተኞች በዚህ ውድድር ከመጀመሪያው ጀምሮ ጎልተው ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ያሸነፈው የእንግሊዝ ፈጣን ወርዋሪ ዳረን ጎፍ ነው። ጎፍ በፍጻሜው ከረታቸው አንዱ የ110 ሜትር መሰናክል ሯጩ ኮሊን ጃክሰን ነበር። ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1993 በሽቱትጋርት የዓለም ክብረ ወሰን ሲያሻሽል፣ በዚያው ሻምፒዮና ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት ወርቅ ማጥለቁን የአትሌቲክስ ወዳጆች ያስታውሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ተራው የራምፕራካሽ ሆነ። በመስከረም የክሪኬቱ ወቅት እንዳበቃ ከባለሙያዋ ዳንሰኛ ካረን ሃርዲ ጋር ተጣመረ። ዝምተኛና ቁጥብ ተብሎ የሚታወቀው ሰው በተለይ በላቲን ዳንሶች ተመልካቹን አስደነቀ። ለዚህ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የመቺ ጥበብ መሠረቱ እግር ነው፤ ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ወጥታ እስክትደርስ ባለችው የዐይን ጥቅሻ ቅጽበት ወደፊት መራመድ ወይም ወደኋላ ማፈግፈግ አለበት፤ ሚዛኑም መዛነፍ የለበትም። ራምፕራካሽ ከልጅነቱ ጀምሮ በእግር አጣጣሉ ይደነቅ ነበር።

ከውድድሩ ሁሉ በሕዝብ ዘንድ የቀረው ትዝታ አንድ የሳልሳ ምሽት ነው። በቀጥታ ሥርጭት እየደነሱ ሳለ በልብሳቸው ላይ የተሰካው የድምፅ መቅረጫ ገመድ ተጠላለፈ። ካረን ሃርዲ ዳንሱን አቆመች፤ ሙዚቃውም ተቋረጠ። ገመዱ ከተፈታ በኋላ ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ ተፈቀደላቸው። ሁለተኛው ዳንስ ከውድድሩ ድንቅ ዳንሶች አንዱ ሆኖ ሲነሣ ይኖራል።

የሁለቱ ሙያዎች ልዩነት ከዚህ በላይ የሚገለጥበት አጋጣሚ የለም። በክሪኬት ለተሸኘ መቺ ድጋሚ ዕድል አይሰጠውም፤ ራምፕራካሽ በብሔራዊ ቡድን ለ11 ዓመታት የተሸከመው ፍርሃትም ይኸው ነበር። በዳንሱ ግን ሥራው ተቋርጦ፣ ሕዝብ እያየው፣ እንደገና ጀመረ። ለዓመታት በትከሻው የተሸከመው ጭነት የወረደ ይመስል ነበር።

በፍጻሜው የተፋለመው ከራግቢ ተጫዋቹ ማት ዳውሰን ጋር ነው። ዳውሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሣ ስፖርተኛ ነበር። ድሉ የራምፕራካሽ ሆነ። በዚያው ዓመት መገባደጃ በአሜሪካ በተካሄደው ተመሳሳይ ውድድር ያሸነፈውም ስፖርተኛ ነው፤ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቹ ኤሚት ስሚዝ።

በማግሥቱ ራምፕራካሽ ክሪኬት አይተው የማያውቁ ሰዎች ጭምር በመንገድ የሚያስቆሙት ሰው ሆነ። ሆኖም መድረኩ ከሜዳው አላስቀረውም። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሰሪ ተመልሶ ነው ከላይ የተጠቀሰውን የ101.30 አማካይ ያስመዘገበው።

ከዝናው በኋላ

እ.ኤ.አ. በ2009 የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2013 ለስፖርት ባበረከተው አስተዋጽኦ ከብሪታንያ መንግሥት የክብር ሜዳይ ተሰጠው። ከ2014 እስከ 2019 ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የመቺዎች አሠልጣኝ ሆኖ ሠራ። በዚያ ቡድን ውስጥ የመሰጋትን ሕመም እንደ እርሱ የቀመሰ ሰው ብዙ አልነበረምና፣ ለወጣቶቹ የሚያካፍለው ልምድ ከድሉም ከውድቀቱም የተገኘ ነበር።

በአገራችን ስፖርተኞች ዘንድ

የስፖርተኛ ዕድሜ አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወት ረጅም። በኢትዮጵያም ይህን ሁለተኛ ምዕራፍ በልዩ ልዩ መንገድ የጻፉ አሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሩጫውን ሳያቆም በ1990ዎቹ መገባደጃ በሕይወቱ ላይ በተሠራው «ኢንዱራንስ» ፊልም ራሱን ሆኖ ተውኗል፤ በኋላም በሆቴልና በሌሎች የንግድ ሥራዎች በርካታ የሥራ ዕድሎችን ፈጥሯል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ለአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ካስገኘች በኋላ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርታለች። በ10 ሺህ ሜትር በአቴንስና በቤጂንግ ኦሊምፒኮች የብር ሜዳሊያ ያገኘው ስለሺ ስህንም በዚያው ኃላፊነት ተተክቷል።

የራምፕራካሽ መንገድ ከእነዚህ የሚለየው ሁለተኛው ዝናው ከመጀመሪያው ሙያው ፈጽሞ በራቀ መስክ በመገኘቱ ነው። ይሁንና ዳንሱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ለሃያ ዓመታት በየማለዳው የተለማመደው እግር፣ ሐሳብን የመሰብሰብ ልማድና መምህርን የማዳመጥ ትሕትና አብረውት ወደ መድረኩ ወጥተዋል። አያት ውስጥ በሰፈር ሜዳ ኳስ የሚያንከባልል ታዳጊም ሆነ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ የሚሮጥ የገበሬ ልጅ ሁሉም ለብሔራዊ ቡድን አይበቃም። የሠለጠነ አካልና የተገራ ጠባይ ግን ስፖርቱ ቢያበቃም አብሮ ይኖራል።

ዛሬ በብሪታንያ ስሙ ሲጠራ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስታውሱት ሳልሳውን ነው። የክሪኬቱ መዝገብ ደግሞ መቶ ጊዜ መቶ ካስቆጠሩ 25 ሰዎች ተርታ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ስሙን ይዞ ይገኛል።